ያልተጻፈ መዋቅር ተለዋዋጭ መዋቅር ነውን?

ጠያቂያችን የጻፉት በአጭሩ ይህ ነው፦ «በጎንደር ከተማ አባታችን ያቋቋሙትን ሆቴል ከታላቅ ወንድሜ ጋር እናስተዳድራለን። 42 የመኝታ ክፍሎች፣ አንድ ምግብ ቤት እና እንግዶችን ወደ ስሜን ተራሮች የሚያመላልሱ ሁለት መኪኖች አሉን፤ ሠራተኞቻችን 57 ናቸው። ወንድሜ በአማካሪ ያስጠናው ባለ ስድስት ደረጃ መዋቅር በሥራ ላይ ይዋል ይላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሠራነው እንደ ቤተሰብ በመሆኑ፣ አስተናጋጁ ሻንጣ እየተሸከመ፣ ሾፌሩም ገበያ እየወረደ የኖርንበትን ተለዋዋጭ አሠራር ያጠፋብናል ብዬ እሰጋለሁ። በሌላ በኩል ባለፈው የከተራ ዕለት 12 እንግዶች ሙቅ ውኃ በሌላቸው ስድስት ክፍሎች ተመድበው ነበር። በማግስቱ ለሚመጣ ሌላ ቡድን የተያዙ ክፍሎች ባዶ እያሉ፣ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ እኔን ለማስፈቀድ ስትደውል እኔ ታቦታቱን አጅቤ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እሄድ ስለነበር ሳልሰማት ቀረሁ፤ እንግዶቹም 40 ደቂቃ ያህል ሻንጣቸውን ይዘው ቆሙ። ለእኛ የሚሻለው የትኛው መዋቅር ነው?»

የተከበሩ ጠያቂያችን፤ አንድ ጥብቅ እና አንድ ተለዋዋጭ መዋቅር እንዳወዳድርልዎ ጠይቀዋል። እኔ ግን ጽሑፍዎን ደጋግሜ ሳነብ ያገኘሁት ሁለት ጥብቅ መዋቅሮችን ነው። አንደኛው በወንድምዎ እጅ ባለው ወረቀት ላይ የተሣለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በእርስዎ የእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ነው። ሠራተኛዋ 12 ሰው ፊቷ ቆሞ፣ ባዶዎቹን ክፍሎች በመዝገቧ እያየች፣ ቁልፎቹም ከጀርባዋ ተሰቅለው ሳለ፣ አንዱን ቁልፍ በሌላው ለመቀየር የእርስዎን ድምፅ መጠበቅ ግድ ከሆነባት፣ ሆቴልዎ ምንም የተጻፈ መመሪያ ባይኖረውም ሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰው እጅ የተጠቃለለበት ድርጅት ነው።

ቃላቱን ለይተን እንያዝ። በአመራር ትምህርት ጥብቅ መዋቅር የሚባለው የሥራ ድርሻዎች በዝርዝር የተለዩበት፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ተጠሪነት ለማን እንደሆነ የታወቀበት፣ አሠራሩ በመመሪያ የታሰረበት እና ውሳኔ በዕዝ ሰንሰለቱ እየወጣና እየወረደ የሚሰጥበት ነው። ተለዋዋጭ የሚባለው ደግሞ የሥራ ድርሻ እንደ ሁኔታው የሚሰፋና የሚጠብበት፣ መረጃ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም የሚዘዋወርበት፣ ከሁሉም በላይ ግን ውሳኔው ጉዳዩን በቅርብ በሚያውቀው ሰው የሚሰጥበት ነው። በእርስዎ ሆቴል ሥራው በእርግጥ ይለዋወጣል፤ ውሳኔው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ሁሉን ይሠራል፣ የሚወስነው ግን አንድ ሰው ነው። ይህን ተለዋዋጭነት ብሎ መጥራት በቤተሰብ ድርጅቶች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ እኔም በዚሁ ከተማ በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ቶም በርንስ እና ጆርጅ ስቶከር የተባሉ ተመራማሪዎች በስኮትላንድ እና በእንግሊዝ በሚገኙ 20 ያህል የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት ይፋ ሲያደርጉ፣ ዛሬም የምንገለገልበትን ክፍፍል አስቀመጡ፤ አንዱን እንደ ማሽን፣ ሌላውን እንደ ሕያው አካል የሚሠራ ሥርዓት አድርገው አዩት። ገበያውና ቴክኖሎጂው በረጋበት ቦታ የመጀመሪያው ይስማማል፤ ነገሩ በየጊዜው በሚለዋወጥበት፣ ያን ጊዜ ብዙዎቹ ይገቡበት እንደነበረው የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ባለ ቦታ ደግሞ ሁለተኛው ይሻላል። በየኮሌጁ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ብዙም የማይነገረው ሌላው ግኝታቸው ነው። ጥብቅ መዋቅር የነበራቸው አንዳንድ ድርጅቶች አዲስ ነገር ሲገጥማቸው መዋቅራቸውን አልቀየሩም፤ ይልቁንም ከመዋቅሩ መልስ ያጣ ሰው ሁሉ የቅርብ አለቃውን እየዘለለ ወደ ዋናው ሥራ አስኪያጅ መሄድ ጀመረ። በወረቀት ያለው እንዳለ ሆኖ፣ በጎን በአንድ ሰው ዙሪያ የተሰበሰበ ሌላ መዋቅር ተፈጠረ። ወንድምዎ ያስጠኑት ነገ እንዳለ ቢጸድቅ በሆቴልዎ የሚሆነው ይኸው ይመስለኛል። ስልክዎ መጮኹን አይተውም፤ የሚጨመሩት በደዋዩና በእርስዎ መካከል ሆነው «ለምን ተዘለልን» ብለው የሚቀየሙ አራት ኃላፊዎች ናቸው።

ስለ ስድስቱ ደረጃዎች ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኃላፊ ሰባት ሰው ይቆጣጠር ብንል፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰባት የክፍል ኃላፊዎች እና በሥራቸው ያሉ 49 ሠራተኞች ድምራቸው ልክ 57 ይመጣል፤ ይህም ሦስት ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ኃላፊ ሁለት ሰው ብቻ ይኑረው ካልን ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 ተደምረው 63 ይሆናሉ። ስለዚህ ስድስቱ ደረጃዎች በሁሉም ክፍል እኩል ከወረዱ ለአንድ አለቃ ሁለት ሰው እንኳ በቅጡ አይደርሰውም፤ ከደመወዝተኛው ግማሽ ያህሉ አለቃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆአን ውድዋርድ የተባለች ተመራማሪ በእንግሊዝ ደቡብ ኤሴክስ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 100 ሠራተኛ ያላቸውን 100 ፋብሪካዎች አጥንታ ነበር። በትእዛዝ አንድ በአንድ የሚያመርቱት የተለመደ የአመራር ደረጃ ብዛት 3፣ በጅምላ የሚያመርቱት 4፣ እንደ ነዳጅ ማጣሪያና ኬሚካል ባለ ያለማቋረጥ በሚሄድ ሥራ ላይ የተሠማሩት ደግሞ 6 ነበር። አማካሪው ለ42 ክፍል ሆቴል የሰጠው ወደ ኬሚካል ፋብሪካ የተጠጋ ቁመት ነው። የደረጃዎች ስም ማማሩም አያታልልዎ። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ በተካሄደበት ዘመን «መምሪያ» የነበረው «የሥራ ሂደት» ተባለ፣ በየበሩ ላይ ያለው ጽሑፍም ተቀየረ፤ ፊርማው ግን በብዙ ቦታ ከነበረበት ፎቅ አልወረደም።

ይህን ስል ወንድምዎ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። ጥብቅነት የግድ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነዚህንም ያለ ይሉኝታ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ ጀሪካን ዘይት ሲወጣ የጠየቀው፣ የፈቀደው እና ያስረከበው ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። አስተናጋጁ ቦኖ ሳያስቆርጥ ከወጥ ቤት አንድ ሳህን እንኳ መውጣት የለበትም። ገንዘብ የተቀበለ ሰው ራሱ ሒሳቡን የሚያስታርቅ ከሆነ፣ ሰውየው ጻድቅ ቢሆን እንኳ አሠራሩ የተበላሸ ነው። ምክንያቱ ሠራተኛን አለማመን አይደለም፤ ጉድለት በተገኘ ቀን ንጹሑ ሰው ንጽሕናውን የሚያሳይበት ወረቀት ያስፈልገዋልና። ወጥ ቤቱም እንዲሁ ነው። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት መክተፊያ ለሰላጣ አይውልም፤ ይህ በምንም ዓይነት «የቤተሰብ መንፈስ» የሚላላ ነገር አይደለም። ወጥ ቤቶቻችን ጥብቅ ሕግን ከውጭ መማር የሚያስፈልጋቸውም አይመስለኝም። በዐቢይ ጾም የፍስክ ድስት የነካ ማንኪያ ወደ ሽሮው እንዳይገባ ተቆጣጣሪ አይመደብም፣ ፎርምም አይሞላም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያከብረዋል። ለንጽሕናና ለደኅንነት የሚወጣው ሕግ እዚህ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ ግን ተጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

የተጻፈ ሥርዓት ሌላም ጥቅም አለው፤ ባለቤቶች ከላይ ሆነው ስለማያዩት በስፋት ልግለጸው። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማክስ ቬበር ስለ ቢሮክራሲ ሲጽፍ ከጥቅሞቹ አንዱ አድርጎ የቆጠረው ጉዳይ በሰው ማንነት ሳይሆን በደንብ መታየቱን ነው። በቤተሰብ ሆቴል የሌሊት ተራ በቃል ሲደለደል ሌሊቱ ዘወትር የሚወድቀው ከባለቤቶቹ ጋር ዝምድናም ሆነ ቅርበት በሌላት የአልጋ ቤት ሠራተኛ ላይ ነው። የዓመት ፈቃድም በመጠየቅ ድፍረት ይወሰናል። ለእርስዎ «እንደ ቤተሰብ ነን» የሚለው አነጋገር ሙቀት አለው፤ ለእርሷ ግን የምትከራከርበት ወረቀት አጥታ የቀረችበት ሁኔታ ሊሆን ይችላል። የተራ ሰሌዳ፣ የሥራ መዘርዝር እና የቅጣት እርከን ተጽፈው ቢቀመጡ በመጀመሪያ የሚጠቀሙት ደካሞቹ ናቸው። ስለዚህ ከአማካሪው ሰነድ የሥራ መዘርዝሩን ክፍል እንዳይጥሉት እለምንዎታለሁ።

ጥብቅነት በማይገባው ቦታ ሲገባ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከራሴ ገጠመኝ ልጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አማክረው የነበረ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ማናቸውም የጎማ ግዢ በሦስት ፕሮፎርማ እንዲፈጸም የሚያዝ መመሪያ ነበረው። አንድ ቀን እንግዶችን ይዞ ወደ ደባርቅ የሚሄደው መኪና አምባ ጊዮርጊስ ሊደርስ ሲል ጎማው ፈነዳ፤ ሾፌሩ ስኮርታውን ቀይሮ ከተማዪቱ እንደገባ ሁለተኛው ተከተለ። ጎሚስታው ልኩ የሆነ ያገለገለ ጎማ ነበረው፤ ሾፌሩም ኪሱ ውስጥ በቂ ገንዘብ ነበረው። የጎንደሩ የሒሳብ ሠራተኛ ግን በስልክ «ሌላ ሁለት ፕሮፎርማ ፈልግ» አለው። ሌላ ጎማ የሚሸጥ ሰው በዚያ ስላልነበረ ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ የሒሳብ ሠራተኛው ግን አልቀለደም፤ ያለ ፕሮፎርማ ቢፈቅድ ከራሱ ደመወዝ እንደሚቆረጥ ያውቃል። በመጨረሻ ከጎንደር ጎማ ተጭኖ እስኪደርስ ድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ አለፈ፤ ለጎማው ማጓጓዣ የወጣው ገንዘብም በዋጋ ንጽጽር ሊድን ይችል ከነበረው ይበልጥ ነበር። ልብ ይበሉ፤ መመሪያው በራሱ ሞኝነት አልነበረም። ጎማ ሻጮች ጎን ለጎን በተደረደሩበት ከተማ ትክክለኛ መመሪያ ነው። የተሳሳተው መንገድ ላይ ላለ ሾፌርም እንዳለ መሠራቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ፖል ሎውረንስ እና ጄይ ሎርሽ በፕላስቲክ፣ በምግብ እና በማሸጊያ ኢንዱስትሪ የተሠማሩ አሥር የአሜሪካ ድርጅቶችን አጥንተው ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ክፍሎች የሚገጥማቸው ዓለም አንድ ዓይነት አይደለም፤ የምርት ክፍሉ የረጋ፣ የምርምር ክፍሉ ደግሞ የማይገመት ዓለም ይገጥመዋል። ጥሩ ውጤት ያገኙት ድርጅቶች ሁሉንም ክፍል በአንድ ልክ አልሰፉም፤ እያንዳንዱን እንደ ሁኔታው አደራጅተው፣ በምትኩ ክፍሎቹን ለማገናኘት ብዙ ደከሙ። በእርስዎ ሆቴል ግምጃ ቤቱ የረጋው ዓለም ነው፤ የእንግዳ መቀበያውና የደባርቁ መንገድ የማይገመተው ዓለም ናቸው። ስለዚህ «ሆቴላችን ጥብቅ ይሁን ወይስ ተለዋዋጭ» የሚለውን ጥያቄ በትነው ስለ እያንዳንዱ ውሳኔ ለየብቻ ይጠይቁ፤ ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳት የማይመለስ ነውን? ነገሩ በየቀኑ በአንድ መልክ የሚደጋገም ነውን? በዚያች ሰዓት የተሟላ መረጃ ያለው ማን ነው? ጉዳቱ የማይመለስና ድግግሞሹ የበዛ ከሆነ ያጥብቁት። ጉዳቱ በማግስቱ የሚስተካከልና መረጃው ከፊት ባለው ሠራተኛ ዘንድ ያለ ከሆነ ይልቀቁለት።

መልቀቅ ማለት ግን «እንደ መሰላችሁ አድርጉ» ብሎ መሄድ አይደለም። የሪትዝ ካርልተን ሆቴሎች ማናቸውም ሠራተኛ የአንድን እንግዳ ችግር ለመፍታት አለቃውን ሳያስፈቅድ እስከ 2,000 ዶላር ወጪ እንዲያደርግ መፍቀዳቸው በሆቴል ሥራ ዓለም የታወቀ ነው። ሰው የሚደነቀው በገንዘቡ መጠን ነው፤ እኔ የምደነቀው ግን ወሰኑ ቁጥር ያለው መሆኑን ነው። ሠራተኛው የት ድረስ መሄድ እንደሚችል ያውቃል። ወሰኑ ያልተነገረው ሰው ነጻ አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ይደውላል። በርንስ እና ስቶከርም በተለዋዋጭ ድርጅቶች ውስጥ የነበሩ ኃላፊዎች ሥራቸው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ባለማወቅ ይጨነቁ እንደነበር መዝግበዋል። እንግዲህ ለእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዎ በጽሑፍ ይስጧት፤ ክፍል መቀየር ትችላለች፣ ለሌላ ቡድን የተያዘ ክፍልም ቢሆን ተተኪው እስኪመጣ 12 ሰዓት ያህል ከቀረ መስጠት ትችላለች፣ ለተጉላላ እንግዳ የአንድ እራት ሒሳብ መተው ትችላለች፣ ታክሲ መጥራት ትችላለች። የገንዘቡን ጣሪያ እርስዎ ይወስኑ። የወሰነችውን በአንድ ደብተር ትመዘግባለች፤ እርስዎም ጠዋት ያነቡታል። በተፈቀደላት ወሰን ውስጥ ወስና ብትሳሳት ስለ ስሕተቱ ይነጋገራሉ እንጂ ከደመወዟ አይቆርጡም። አንድ ጊዜ ከቆረጡ ደብተሩ ባዶ ይሆናል፣ ስልኩም ይመለሳል።

የጥምቀት ሳምንት ለብቻው ይታይ። ከጥር 10 እስከ 12 ሆቴልዎ ዓመቱን ሙሉ የሚያውቀው ሆቴል አይደለም፤ ክፍል ሁሉ ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ከእንግዶቹ መካከል ታቦታቱ የሚወጡበትን ሰዓት በየደቂቃው የሚጠይቅ አይጠፋም። ለእነዚህ ቀናት ከየክፍሉ የተውጣጣ ጊዜያዊ ቡድን አቋቁመው አንድ መሪ ቢሰይሙለት ይበጃል። መሪው የግድ ከፍተኛ ደመወዝ ያለው ሰው መሆን የለበትም፤ ሆቴሉን ከቧንቧው እስከ ጣሪያው የሚያውቅ የጥገና ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ቡድኑ ጥር 13 ይፈርሳል፤ ሁሉም ወደ ተጠሪነቱ ይመለሳል። ይህ ቅልጥፍና ዋጋ እንዳለው ግን አይዘንጉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም፤ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓትም በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። በቤተሰብ መንፈስ ስም ይህን መዝለል ተለዋዋጭነት አይባልም።

አንድ ነገር ጽሑፍዎ ሳይናገር አሳብቆብዎታል፤ ሠራተኛዋ እርስዎን ስታጣ ወደ ወንድምዎ አልደወለችም። ወይ የእርሳቸው ፈቃድ በኋላ በእርስዎ ዘንድ እንደሚያስጠይቃት ፈርታለች፣ ወይ ሁለታችሁ የተለያየ ትእዛዝ ስትሰጡ አይታለች። ፈረንሳዊው አንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ትምህርቱ አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ ከአንድ አለቃ ብቻ እንዲቀበል አጥብቆ ያሳስባል፤ ሆኖም በዚያው ትምህርት ሁለት እኩዮች፣ አለቆቻቸው እስካወቁ ድረስ፣ በቀጥታ እንዲነጋገሩ «ድልድይ» ሠርቶላቸዋል። ለእናንተ ይህ ማለት እንግዳ መቀበያ፣ አልጋ ቤትና ጥገና ያለ እናንተ እርስ በርስ ይነጋገራሉ ማለት ነው። እርስዎና ወንድምዎ ደግሞ ሆቴሉን ተካፈሉት፤ ለምሳሌ እርሳቸው ሒሳብን፣ ግምጃ ቤትንና ግዢን፣ እርስዎ እንግዳን፣ ምግብ ቤትንና መኪኖችን ይያዙ። ጥብቅነትን የሚወዱት ሰው የረጋውን ክፍል፣ ሰው የሚወዱት እርስዎ የሚለዋወጠውን ክፍል መያዛችሁ ዕድል ነው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይባል የለ። አንዳችሁ በሌላው ክፍል ሠራተኛ ላይ አስተያየት ሲኖራችሁ ለሠራተኛው ሳይሆን እርስ በርስ ትናገራላችሁ። ከምመክርዎ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ መዋቅር ሥሎ የሚያውቅ አማካሪም አያስፈጽምልዎትም።

በተግባር ከዚህ ቢጀምሩ። ለሁለት ሳምንት አንድ ደብተር ከስልክዎ አጠገብ ያኑሩ፤ ፈቃድ ለመጠየቅ የተደወለውን ሁሉ፣ ማን እንደ ደወለ፣ ስለ ምን፣ ስንት ብር እንደሚነካ እና ምን እንደ መለሱ ይጻፉ። አንድ ዓይነት ጥያቄ አሥር ጊዜ መጥቶ ዘጠኝ ጊዜ «እሺ» ያሉበት ከሆነ ያ ውሳኔ የእርስዎ መሆኑ ቀርቷል፤ ለጠያቂው በጽሑፍ ያስረክቡት። ግማሹን የከለከሉበት ከሆነ ሠራተኛው የማያውቀው አንድ መለኪያ በአእምሮዎ አለ ማለት ነው፤ መለኪያውን አውጥተው ይጻፉት። ሦስት ደረጃ ያለው አዲሱ ሰሌዳ ከዚህ ደብተር ይወለዳል፤ ከአማካሪው ሰነድ የሥራ መዘርዝሩንና የሒሳብ ቁጥጥሩን ይወስዳሉ፣ የተቀረውን ለወንድምዎ በአክብሮት ይመልሳሉ። ለውጡን እንግዳ በሚሳሳበት በክረምቱ ወራት ይፈጽሙት፤ በመስቀል ሰሞን ይፈትኑት፣ የተጣመመውን ያቃኑ። ከዚያም በሚቀጥለው ከተራ ታቦታቱን አጅበው ሲመለሱ ስልክዎን አውጥተው ያመለጡዎትን ጥሪዎች ይቁጠሩ፤ ከዚያ አስቀድሞ ግን የእንግዳ መቀበያዋን ደብተር ከፍተው እርሷ የወሰነችውን ያንብቡ።